ሦስተኛውን ፏፏቴ ያላየው ሰው

አንድ ሰው ተራራ ላይ ባለ ሎጅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቁርሱን ይበላ ነበር። ፊቱ እንቁላል ፍርፍር አለ፤ ማር አለ፤ ሻዩ ገና ይጨሳል። ከበረንዳው በታች ደመና እንደ ጥጥ ተኝቷል። ሚስቱ አጠገቡ ናት። ልጆቹ አያታቸው ዘንድ በሰላም ናቸው። ታዲያ ይህ ሰው ምን ጎደለው? ምንም አልጎደለውም። ግን ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቆመ። አልወርድ አለ።

ለምን እንደቆመ ልንገራችሁ።

ሰውየው ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ «ስሜን ብቻ ተወው» ብሎኛል። እንግዲህ እሱን አምሳሉ እንበለው፤ ሚስቱን ትርሲት።

አምሳሉ የመኪና ጎማ ነጋዴ ነው። ደግ ሰው ነው። አይጠጣም፤ ማታ ከቤቱ አይጠፋም። የጎረቤት ልጅ ሲታመም መኪናውን አስነስቶ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ነበረበት፤ ቀናተኛ ነው። የምትስቁ አላችሁ፤ አትሳቁ። ቀናተኛ ሰው «ቀናተኛ ነኝ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ጠንቃቃ ነኝ» ነው የሚለው። አምሳሉም ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ተረት ነበረችው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»። ጎማ ሲገዛም ይላታል። ቤቱ ሲገባም ይላታል።

ትርሲት አዋላጅ ነርስ ናት። አምሳሉን ከማግባቷ በፊት እጮኛ ነበራት፤ ናሁሰናይ የሚባል። ነገሩ ሳይሆን ቀረ፤ በሰላም ተለያዩ። ሰውየው ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ አግብቶ ወልዷል። ይህን ሁሉ ትርሲት ገና ሲተጫጩ ለአምሳሉ ነግራዋለች። የደበቀችው የለም።

አምሳሉ ናሁሰናይን በአካል አይቶት አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አማቱ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የዘመድ ሠርግ ፎቶ ላይ ከኋላ እንደቆመ አይቶታል። ረጅም ነው። ከሁሉም በላይ አንገቱ ወጥቶ ይታያል። ያ ቁመት የዚያን ቀን አምሳሉ ሆድ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ሁለት ልጅ ተወለደ፤ አልወጣም። ቤት ተሠራ፤ አልወጣም።

ወደ ቁርሱ እንመለስ።

አስተናጋጁ መጣና፣ «ዛሬ ትልቁን ፏፏቴ ታያላችሁ አይደል? ደረጃ ተሠርቶለታል፤ ፎቶ አንሺዎችም አሉ» አለ። እዚያ ሎጅ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሙሽሮች የሚነሱት እዚያ ነው።

ትርሲት ሻይዋን አስቀመጠችና፣ «እዚያማ ሰው ይበዛል» አለች። «ከተራራው ጀርባ ሌሎች የሉም? ሦስት ትንንሽ ፏፏቴዎች። ሦስተኛው እንኳ ከውሃው ኋላ ሰው ይገባበታል።»

አስተናጋጁ ተገረመ። «እትዬ፣ እንዴት አወቋቸው? ወደዚያ እኮ እንግዳ አይሄድም።»

«ድሮ አንድ ጊዜ መጥቼ ነበር» አለች።

ጉርሻው የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ድሮ! ድሮ ማለት ከእኔ በፊት ማለት ነው፤ አለ አምሳሉ በሆዱ። ከእኔ በፊት ማን እንደነበረ ደግሞ የታወቀ ነው።

ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለው። እረፍት እንውጣ ያለችው እሷ ናት። ይህን ተራራ የመረጠችው እሷ ናት። «ውሃ የሚሰማበት ቦታ ውሰደኝ» ነበር ያለችው። ያን ዕለት እንዴት ደስ ብሎት ነበር! ሚስቴ ከእኔ ጋር ለብቻችን መሆን አማራት ብሎ ነበር። አሁን ያ ደስታ እንደ ቆየ ወተት ሆዱ ውስጥ ተቆራረጠ። ሰሞኑን ዝም ማብዛቷም ትዝ አለው። ጠርተዋት አለመስማቷ፣ ምግብ አለመብላቷ። አሃ፤ አለ። ለካ ይህን ስታስብ ነው።

«ከማን ጋር ነበር የመጣሽው?» ብሎ ቢጠይቃት ምን ነበረበት? ትነግረው ነበር። አልጠየቀም። ወገኖቼ፣ ቀናተኛ ሰው መልስ አይፈልግም። ማስረጃ ነው የሚፈልገው። መልስማ ነገሩን ይጨርስበታል።

«እሺ፣ እንሂድ» አላት። ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ታውቋታላችሁ።

መንገድ የሚመራቸው ገመቹ የሚባል የአካባቢው ሰው ነበር፤ ዕድሜው ሃምሳ ያለፈ፣ ለደከመው የሚሆን አንድ ፈረስ የሚስብ። መንገዱ ከሎጁ ጀርባ በቀርከሃ መሀል ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ኮሶ ዛፎቹ ይወርዳል። ከየቅርንጫፉ የሽማግሌ ጢም የመሰለ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። ወፍ ይጮኻል። አየሩ እርጥብ አፈር ይሸታል። አምሳሉ ይህን ሁሉ የነገረኝ በኋላ ከሚስቱ ሰምቶ ነው። እሱ በዚያ መንገድ ሲሄድ የሚያየው የትርሲትን እግር ብቻ ነበር። የት ላይ ትቆማለች? የት ላይ ፈጠን ትላለች? ወደየት ዞራ ታያለች?

ትርሲት ቀደም ስትል ጠብቆ ወደ ገመቹ ተጠጋ።

«ብዙ ጊዜ ሆነህ በዚህ ሥራ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲህ የሚመጣውን ሰው ታስታውሳለህ።»

«አንዳንዱን።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለቤቴ ድሮ መጥታ ነበር። ማን እንደነበር አብሯት… ረጅም ሰው?»

ገመቹ ፈረሱን እየዳሰሰ ሳቀ። «ጌታዬ፣ የሰው ነገር አልይዝም። የፈረሶቼን ግን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። የዚህን እናት ጠይቀኝ፣ አያቱን ጠይቀኝ።»

አምሳሉ አልሳቀም። ደብቆኛል፤ አለ። እሱም ያውቃል፤ አለ።

አያችሁ? ባሏን የምትወድን ሴት ዝምታዋን ጠረጠረ። ፈረስ የሚስብን ሰው ሳቁን ጠረጠረ። ቅናት እንዲህ ነው፤ አንድ በር ከከፈታችሁለት ሁሉንም ክፍል ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ፏፏቴ ጋ ደረሱ። «ይሄ ምን ይባላል?» አለች ትርሲት። ገመቹ ትከሻውን ነቀነቀ። «ስም የለውም። ሰው አይመጣበትማ።» ትንሽ ፏፏቴ ነው። ከጥቁር አለት ላይ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይወርዳል፤ ከታች እንደገና አንድ ይሆናል። ከፊቱ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ።

ሁለት ሰው። አምሳሉ ውሃውን ትቶ ድንጋዩን አየ። እዚህ ተቀምጠዋል፤ አለ። እሱ በዚህ በኩል፣ እሷ በዚያ በኩል። እግራቸውን ውሃ ውስጥ ከተዋል። ምን እያላት ነበር? ምን ብላ ሳቀች? በዓይኑ ያላየውን ሁሉ አየ። በዓይኑ ፊት ያለውን አላየም።

ትርሲት ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ መታ መታ አደረገች። «ና፣ አረፍ በል።»

«እዚያ ላይ አልቀመጥም።»

«ለምን?»

«ቀዝቃዛ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ተነሣች። የቀዘቀዘው ድንጋዩ እንዳልነበር ገብቷታል። ሴት ልጅ ይህ አይሰወራትም። ግን ያን ዕለት እሱን ለማባበል የሚሆን አቅም አልነበራትም። ለምን እንዳልነበራት ትሰማላችሁ።

ሁለተኛው ፏፏቴ ከመጀመሪያው ይበረታል። ጎድጓዳ ገደል ውስጥ ስለሚወርድ ድምፁ ዙሪያውን ይመታና ተመልሶ ይመጣል። አጠገብ ለአጠገብ ቆማችሁ ካልጮኻችሁ አትሰማሙም። ትርሲት ገመቹን በእጇ «እዚህ ጠብቁኝ» አለችና ወደ ውሃው ቀረበች። ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች።

ብዙ ቆየች።

አምሳሉ ትከሻዋን አየው። ይንቀጠቀጣል። ቀስ ብሎ በጎን በኩል ዞረ። ፊቷን አየ። እያለቀሰች ነው! ያውም ዝም ብሎ እንባ ማውረድ አይደለም። አፏን ከፍታ፣ ሆዷን ይዛ ነው የምታለቅሰው።

ሚስታችሁ እንዲህ ስታለቅስ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ? ትሮጣላችሁ። ትይዟታላችሁ። አምሳሉም ደግ ሰው ነው ብያችኋለሁ፤ የሌላ ሰው ሚስት ብትሆን ሮጦ ይደርስላት ነበር። የራሱ ናትና ደሙ ፈላ።

ክንዷን ይዞ ወደራሱ አዞራት። «እዚህ ነው?» አላት እየጮኸ።

«ምኑ?»

«አብራችሁ የቆማችሁት እዚህ ነው ወይ?»

ትርሲት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «አምሳሉ፣ ምን እያልክ ነው?»

«ለሱ ነው የምታለቅሺው! ሁለት ልጅ ወልደሽልኝ፣ እኔኑ ይዘሽ መጥተሽ፣ ፊቴ ቆመሽ ለሱ ታለቅሻለሽ!»

ገመቹ ቋንቋው ባይጠፋውም ያልሰማ መሰለ። ወደ ፈረሱ ዞሮ ያልላላውን ኮርቻ ማጥበቅ ጀመረ።

ትርሲት ክንዷን ከእጁ አስለቀቀች። ከዚያ የተናገረችውን አምሳሉ እስከ ዛሬ ቃል በቃል ያስታውሰዋል።

«አዎ» አለችው። «ከናሁሰናይ ጋር ነው የመጣሁት። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ ደስ ይበለኝ እንጂ! አሁን ምን ላድርግልህ? ተመልሼ ሄጄ ያቺን ልጅ ‹አልቅሺ፣ ኋላ አምሳሉ የሚባል ሰው ይቆጣሻል› ልበላት?»

«ታዲያ እኔን ለምን አመጣሽኝ?»

«ጩኸቱን ፈልጌ ነው» አለች። «የውሃውን ጩኸት።»

መልሱ ይኸው ነበር። ሙሉው መልስ። ያዳመጠ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን እሱ «አዎ» የምትለዋን ቃል ከሰማ በኋላ ጆሮው ተዘግቷል። የፈለገውን ማስረጃ አግኝቷል። ማስረጃ ያገኘ ሰው ምን ይሰማል?

«እመለሳለሁ» አላት።

«ተመለስ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሦስተኛውን ሳላይ አልመለስም» አለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከገመቹ ጋር ወደ ታች ወረደች። አንድ ጊዜም ዞራ አላየችውም።

አምሳሉ ብቻውን ተመለሰ። በዚያ መንገድ ላይ በሆዱ ያልተናገረው ነገር የለም። እናቷን ከሰሳት። የዘመድ ሠርጉን ፎቶ ከግድግዳው አውርዶ ሰበረው። ናሁሰናይን መንገድ ላይ አገኘውና ተጣላው፤ አሸነፈውም። ከነቁመቱ አሸነፈው። ሎጁ ሲደርስ ግን አሁንም ያው አምሳሉ ነው፤ ጫማው ብቻ ጭቃ ነክቶታል።

ክፍላቸው ገባ። ያን ጊዜ ስልክ ጮኸ። የትርሲት ስልክ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሰክታው ረስታው ሄዳለች። አምሳሉ ቀረብ ብሎ አየ። «ዘውዴ» ይላል።

ዘውዴ! ዘውዴ ማን ነው? ደግሞ ሌላ አለ? ጥሪው ቆመ። ተመልሶ ጮኸ። አልቻለም። አነሣው።

«አንተ ማነህ?» አለ፤ ሰላም ሳይል።

በወዲያኛው በኩል አንዲት ሴት ደነገጠች። «ውይ! ይቅርታ… ዘውድነሽ ነኝ፣ ሲስተር ዘውድነሽ። ከሆስፒታል። ጋሽ አምሳሉ ነዎት?»

አምሳሉ አልጋው ላይ ተቀመጠ። «አዎ» አለ። «ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይስጥዎት፤ ይዘዋት ስለወጡ። እኛ እኮ ነን በግድ ፈቃድ ያስሞላናት። እንዴት ናት? አለቀሰች?»

«ምን?»

«ከዚያች እናት ወዲህ አላለቀሰችም እኮ፣ ጋሼ። አንዲት እንባ አልወጣትም። ፈራንላት። ‹ቤት ልጆቹ አሉ፣ አምሳሉም ይጨነቃል፤ የማለቅስበት የለኝም› ነው የምትለን። ነግራዎታለች አይደል?»

አምሳሉ አልነገረችኝም ለማለት አፈረ። «ነግራኛለች» ብሎ ዋሸ። ሲስተር ዘውድነሽም እንደሚያውቅ ሰው አድርጋ አወራችው።

አንዲት ወጣት ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ የመጣች። ምጡ ደህና ነበር። ሕፃኗ በሰላም ወጣች። ከዚያ ደሙ አልቆም አለ። ያልተደረገ ነገር አልነበረም፤ ሐኪሞቹ ሁሉ ተረባረቡ። ትርሲት የእናትየዋን እጅ ይዛ እስከ መጨረሻው አለቀቀችም። በመጨረሻ ለባልየው ሄዶ የሚነግር ሰው ሲጠፋ እሷ ወጣች። ባልየው ኮሪደሩ ላይ አጥሚት የሞላ ፔርሙዝ ታቅፎ ቆሟል። በሩ ሲከፈት ወደ እሷ መጣና፣ «ሲስተር፣ ትኩስ እያለ ላስገባላት?» አላት።

«የዚያን ዕለት መቆም ስላልቻለች» አለች ዘውድነሽ፣ «ዶክተሩ ናቸው በመኪናቸው ቤት ድረስ ያደረሷት።»

አምሳሉ ያን መኪና ያውቀዋል።

በመስኮት አይቶታል። ነጭ ነበር። ከውስጡ ወንድ ወርዶ ለሚስቱ በር ሲከፍት አይቷል። ትርሲት ገና ከደጅ ስትገባ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ማን ነው ያደረሰሽ?» አላት። «ዶክተሩ» አለችው። ሌላ አልጠየቀም። ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ። ከዚያ ለቀናት አኮረፋት።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ያቺ ሴት የሰው ሚስት እጇ ላይ ሞታባት ነው የመጣችው። የዚያች እናት እጅ ሙቀት መዳፏ ላይ ነበር። ባሏ ግን መኪናውን አየ። የመኪናውን ቀለም እንኳ አየ። የሚስቱን ፊት አላየም።

አምሳሉ ስልኩን ዘጋው። ያለቀሰው ያኔ ነው። ከዚያ ተነሣ፤ በዚያው ጭቃ በነካው ጫማ፣ ወደ ቀርከሃው መንገድ ተመለሰ። ካፊያ ጀምሯል። ሮጠ። ወደቀ። ተነሣ። የማያውቀውን መንገድ የሰው ዱካ እያየ ወረደ። የመጀመሪያውን ፏፏቴ አለፈ። ከሁለተኛው ትንሽ ወረድ ብሎ ሲደርስ ገመቹና ትርሲት ከታች ሲመጡ አገኛቸው። ልብሷ ከላይ እስከ ታች በስብሷል፤ ፈረሱ ላይም አልተቀመጠችም፤ በእግሯ ነው። ስታየው ቆመች።

መንገድ ላይ ብዙ ነገር አዘጋጅቶ ነበር። ሁሉም ጠፋው።

«ዘውድነሽ ደወለች» አላት።

«ስልኬን አነሣኸው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

መዋሸት ይችል ነበር። ልጆቹ መስለውኝ ነው ማለት ይችል ነበር። «ዘውዴ ሲል ወንድ መስሎኝ ነው» አላት።

ትርሲት ከት ብላ ሳቀች። ያን ያህል ስትስቅ ከሰማት ቆይቷል። ሳቋ መሀል ላይ ግን ተሰበረና ተቀመጠች፤ እዚያው መንገዱ ላይ፣ እርጥቡ ሳር ላይ። አምሳሉም አጠገቧ ተቀመጠ። ገመቹ ፈረሱን ይዞ ዞር አለላቸው።

«ይቅር በይኝ» አላት።

«ዛሬ ስላንተ ማሰብ አልችልም» አለችው። «ይቅርታህን ነገ አምጣው።»

ይህም መልስ ነው። ይቅርታ ስንጠይቅ እንኳ ወሬው ስለ እኛ እንዲሆን እንፈልጋለን፤ አይደለም? አምሳሉ ግን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው። ይቅርታውን ዋጥ አደረገና ሌላ ጥያቄ ጠየቃት።

«ማን ትባላለች?»

«ማን?»

«ያቺ እናት።»

ትርሲት አየችው። «ብርቄ» አለች። ስሟን ከአፏ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ አወራችው። ልጅቷ ወደ ክፍሉ ስትገባ ምን እንዳለች፣ የፀጉሯ አሠራር፣ ባሏን «ውጭ ጠብቀኝ፣ ፈሪ ነህ» ብላ እንዴት እንደሳቀችበት። ስለ ሕፃኗ ነገረችው፤ ድምፀ ወፍራም ናት አለች። እስኪጨልም ድረስ አወራችው። እሱ አንድም ቃል ሳያስገባ አዳመጠ። ብርዱ ሲብስ ጃኬቱን አወለቀላት። ገመቹ በፈረሱ ላይ አስቀመጣት፤ አምሳሉ እግሯን እንደያዘ ተራራውን ወጡ።

በማግስቱ ይቅርታውን አመጣ። ተቀበለችው፤ ግን እንዲህ በቀላሉ አይደለም። ያኮረፈበትን ቀን ሁሉ ዘርዝራ ነገረችው፤ እሱ የረሳውን ሁሉ ሳትረሳ። ሰማት።

ሦስተኛውን ፏፏቴ አብረው ሊያዩ ፈልገው ነበር። ገመቹ ግን ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ አለቱ አያስወርድም አላቸው፤ ፈቃዷም አልቆ ነበር። ወደ ቤታቸው ሄዱ።

«እንዴት ነበር?» ብሎ ጠይቋት ነበር በመኪና ውስጥ።

«ከውሃው ኋላ ገባሁ» አለችው። «በሙሉ አፌ ጮኽኩ። ጩኸቴን እኔም አልሰማሁት። ሸክሜን እዚያ ጥዬው የወጣሁ መሰለኝ።» ደግሞ፣ «ብትኖር ጥሩ ነበር» አለች።

ይህን የነገረኝ አምሳሉ ራሱ ነው። «እዚያ ውሃ ሥር አብሬያት መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለኝ። «ቦታውን የለቀቅሁት ራሴ ነኝ። ናሁሰናይ የሚባል ሰው አልወሰደብኝም።»

አሁን ቅናቱ ለቀቀው ወይ ትሉኛላችሁ። ቅናት እንደ ጉንፋን በሳምንት የሚለቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልነገርኳችሁ ነበር። አሁንም ይመጣበታል። ሲመጣበት ግን ያቺን ያረጀች ተረቱን አይተርትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እኔ ግን እየጠረጠረ የተመነጠረ ሰው አይቻለሁ።

ወገኖቼ፣ አምሳሉን እዚህ ላይ እንተወውና ወደ እናንተ ልምጣ።

ሁለት ፏፏቴ ፊት ቆሞ አንዱንም ያላየ እሱ ብቻ ነው? ወንድሙ ለአዲሱ ቤቱ ምርቃት ጠርቶት ምግቡን ሳይቀምስ ግድግዳውን ሲለካ የዋለ እዚህ የለም? ከመዘምራኑ መሀል የጓደኛዋ ድምፅ ስላማረ መዝሙሩ ያልተሰማት እህት የለችም? አብሮት የሚሠራው ሰው ሲሾም «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ እጁን ጨብጦ፣ ማታ አልጋው ላይ ጥርሱን ያፋጨ? ዝም ብላችኋል። እኔም በዚህ ላይ ዝም የምልበት ጊዜ አለኝ።

እግዚአብሔር በፊታችን የሚያፈሰውን አናይም፤ ዓይናችን የሌላው ሰው ድንጋይ ላይ ስለሆነ። ማን ተቀመጠበት? ከማን ጋር? ስንት ዓመት? አንተ ወንድሜ፣ የሚስትህን ትላንት እግዚአብሔር ለሌላ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ይሁን! ዛሬዋን የሰጠው ለአንተ ነው። ዛሬዋ ደግሞ እያለቀሰች ነው። አንቺም እህቴ፣ ባልሽ ዝም ሲል ስልኩን ከመበርበርሽ በፊት ፊቱን እይው። ሥራ ቦታ ምን ሆኖ እንደመጣ ታውቂያለሽ?

ቅናት ሁልጊዜ «ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ፍቅር «ምን ሆንሽ?» ይላል። ሁለቱም አጭር ጥያቄዎች ናቸው፤ ከአንድ አፍ ነው የሚወጡት። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ቤታችሁ ደጃፍ ላይ፣ ጫማችሁን ሳታወልቁ፣ ለረጅም ጊዜ በጎን ያያችሁት ሰው ፊት ቁሙ። ሁለተኛዋን ጠይቁ። ጠይቃችሁም አትቸኩሉ፤ መልሱ እስኪመጣ ቁሙ።